ቅደም የተባልኩ ለት

ሰው ሁሉ የስደቱን ወሬ ከሌሊት ይጀምራል። ጨረቃ አለ፣ የውሻ ጩኸት አለ፣ በጓሮ በር ሹልክ ማለት አለ። እናንተ ዲላ ያላችሁ ወገኖቼም እኔ እንደዚያ የወጣሁ ይመስላችኋል፤ እንዲያውም አንዳንዶቻችሁ አጥር ዘልዬ እንደጠፋሁ አድርጋችሁ ታወራላችሁ አሉ። አጥር ዘልዬ አላውቅም። እኔ ከዲላ የወጣሁት በጠራራ ፀሐይ፣ በገበያ ቀን፣ ሰው እያየኝ፣ አፌ ውስጥ ያለውን ዳቦ እንኳ ሳልውጥ ነው። የሚገርመው ደግሞ እንደምሰደድ አላውቅም ነበር። የሚሰደደው ታላቅ ወንድሜ ነስሩ ነበር። እኔ ልሸኘው ነው የመጣሁት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ያን ጊዜ ቀበሌው ለብሔራዊ ውትድርና ልጅ አምጣ ተብሎ ኮታ ተጥሎበት ቤት ለቤት ይለቅም ነበር። እኛ ቤት ሁለት ወንድ ነን፤ ነስሩና እኔ ጀማል። አባታችን አባባ ከድር በወጣትነታቸው ከስልጤ አገር መጥተው መናኸሪያው አጠገብ ሱቅ የከፈቱ ሰው ናቸው። እህል ጭኖ ሞያሌ የሚመላለስ፣ ጋሽ ዲዶ የሚባል የወናጎ ሹፌር ወዳጃቸው ነበር። የጋሽ ዲዶ ይለፍ ወረቀት ደግሞ ሹፌርና አንድ ረዳት ይላል። አንድ ብቻ። ስለዚህ አባባ ቆረጡ፤ ታላቁ በረዳት ስም ይሂድ፣ ታናሹ ተማሪ ስለሆነ ለጊዜው አይነኩትም። እኔ እስከ ወናጎ ድረስ አብሬው ተሳፍሬ ሸኝቼው ልመለስ ተባለ።

እዚህ ላይ የቤታችንን አመል ልንገራችሁ። እናንተ ታውቁታላችሁ፤ ስደት ላይ ተወልደው ይህን ለሚያነቡት ልጆች ነው። አባባ ከእንግዳ ጋር በር ላይ ሲደርሱ «ይቅደሙ» ይላሉ። እንግዳው «ወላሂ አይሆንም፣ እርስዎ ይቅደሙ» ይላል። አባባ ክርኑን ይዘው ይገፋሉ፣ እንግዳው የበሩን መቃን ይይዛል፣ እናቴ ከውስጥ «ኧረ አንዳችሁ ግቡ፣ ምግቡ ቀዘቀዘ!» ብላ ትጮሃለች። እኔና ነስሩም ይህንኑ ወርሰን ሽንት ቤት ስንሄድ ሳይቀር በር ላይ እንገፋፋ ነበር። ዋናው ነገር ምንድን ነው፣ ቅደም የተባለ ሰው ወዲያው አይቀድምም። እምቢ ማለት አለበት። ሲለመን፣ ሲለመን፣ ከዚያ በኋላ ነው። በመጀመሪያው ላይ ዘው ያለ ሰው ስድ አደግ ይባላል።

እና ነስሩ የመኪናውን በር ከፈተና «ቅደም» አለኝ።

«አንተ ቅደም እንጂ፣ መንገደኛው አንተ።»

«እኔ መስኮቱ ጋ ነው የምቀመጠው። ግባ።»

«እንግዲያው እኔ እዚሁ ቆሜ ብሸኝህስ?»

«ቅደም አልኩህ ጀማል!»

ከዚህ በላይ እምቢ ማለት ጠብ ነው ብዬ ገባሁ። ሻንጣውን ጭኔ ላይ አስቀመጠልኝ። አንድ እግሩን ደረጃው ላይ አድርጎ ነበር፤ አወረደው። በሩን ከውጭ ዘጋና በመዳፉ ሁለቴ መታው፣ ጋሽ ዲዶም መኪናውን አንቀሳቀሰ። በመስታወቱ ሳይ ነስሩ እጁን ኪሱ ከቶ ቆሟል። አባባ ከሱቁ ደጃፍ ላይ ሁለት እጃቸውን ራሳቸው ላይ ጭነዋል፤ ለካ እሳቸውም አያውቁም ነበር።

ጋሽ ዲዶ ጌዴኦ ነው፤ በእሱ አማርኛ ወንድና ሴት ብዙ አይለዩም። እሱም በእኔ ጌዴኦኛ ሲስቅ የኖረ ሰው ስለሆነ አንቀያየምም። ወናጎ ስንደርስ «ጋሽ ዲዶ፣ እዚህ አውርደኝ» አልኩት።

«ምኑን አውርደኝ ትያለሽ? ትናንት ወንድምሽ መጥቶ ጨረሰ እኮ። ረዳቷ አንቺ ነሽ።»

«እሱስ?»

«‹ጀማል እንግሊዝ አፍ ታውቃለች፣ እኔ ኬንያ ሄጄ በምን አፌ አወራለሁ› አለ። በይ እጅሽን ግሪስ ቀቢ፣ ኬላ ላይ ረዳት ንጹሕ እጅ የለውም።»

አለቀስኩ። ያኔም አልደበቅሁም፣ አሁንም አልደብቅም። ኬላው ላይ ወታደሩ ዓይኔን አይቶ «ይሄ ምን ሆኖ ነው?» ሲል ጋሽ ዲዶ «ጎማ ፍቺ ስላት ጣቷን ቀጠቀጠች፣ ደደብ ናት» አለው። ወታደሩ ሳቀና አሳለፈን። ሞያሌ ላይ ከገበያተኛው ጋር ተቀላቅዬ ድንበሩን በእግሬ ተሻገርኩ፤ ከዚያ ናይሮቢ እስክደርስ በከብት መኪና ላይ አቧራ ቃምኩ። ስለዚያ መንገድ ሌሎች ብዙ ስላወሩ እኔ አልደግመውም።

ይልቅ ነስሩ ስለተማመነበት እንግሊዝኛ ላውራ። የተማርኩት ከአንድ ሰው ነው፤ ከቲቸር ታደመ። ዲላ አጠገብ ያለችው የጪጩ ልጅ ነው። የካቶሊክ ቄስ ሊሆን ገብቶ ላቲን ሲያጠና ቆይቶ፣ ሚስት ማግባት ሲያምረው የወጣ ሰው። ላቲኑን ይዞት ወጣ፤ ዲላ ላይ ደግሞ ላቲን የሚያናግረው ሰው ስላጣ በእኛ ላይ አራገፈው። «ቃል እንደ እንሰት ነው» ይለናል። «አባቶቻችሁ አንዱን የእንሰት ጉቶ ይቀብራሉ፤ ከዚያ ከአንዱ ጉቶ ስንት ችግኝ ይወጣል? እናንተ ችግኝ አትሸምድዱ፣ ጉቶውን እወቁ።» ከዚያ ሰሌዳው ላይ «ሴዴሬ» ብሎ ይጽፋል። በላቲን መሄድ ማለት ነው። ወደፊት ስትሄድ ፕሮሲድ፣ ወደኋላ ስታፈገፍግ ሪሲድ፣ ከልክ አልፈህ ስትሄድ ኤክሲድ፣ በሁለት ጠበኞች መሀል ገብተህ ስታስታርቅ ኢንተርሲድ። ከእኛ በፊት የሄዱት አያቶቻችን አንሴስተር ይባላሉ፤ የዚያው ጉቶ ልጅ ነው።

አንድ ቀን የአውራጃው ካድሬ ክፍላችን ገብቶ ከኋላ ቆመ። «ጓድ መምህር፣ ይህ ደግሞ የየትኛው ኢምፔሪያሊስት ቋንቋ ነው?» አለ። በዚያ ዘመን እንዲህ ያለ ጥያቄ ቀላል አልነበረም። ቲቸር ታደመ የጠመኔውን አቧራ እፍ ብሎ «ጓድ፣ ፕሮሲድ ማለት ወደፊት መራመድ ነው። ተራማጅ ማለት ነው። ሪሲድ ደግሞ ወደኋላ። አድኃሪ» አለው። ካድሬው ፊቱ በራ። «በሉ እንደ ጓድ መምህር ፕሮሲድ!» ብሎን ወጣ። እኛ ጠረጴዛ ሥር ገብተን ሳቅን፤ ቲቸር ታደመ ግን ሰሌዳውን አንድ ፊደል ሳያስቀር ጠረገው።

ወደ ናይሮቢ ልመለስ። ኢስሊ የሚባል ሰፈር ማማ ዋንጂሩ የምትባል ሴትዮ ቤት፣ ከጓሮ ያለች ክፍል ተከራየሁ። ማማ ዋንጂሩ ወፍራም፣ ጯሂ፣ ደግ ሴት ናት። ኡጋሊ የሚሉትን የበቆሎ ገንፎ በሱኩማ ታቀርብልኛለች። ሱኩማ ማለት ጎመን ነው፤ ጎመኑስ ጎመን ነው፣ አጠገቡ ያለው ግን ቆጮ አይደለም። የእኛ ቆጮ ሲሸት ሩቅ አገር ድረስ ይጠራል፤ ኡጋሊ ምንም አይሸትም፣ ምንም አያስታውስም። ሰኔ ላይ ናይሮቢ ሲበርድ ግን ልክ እንደ ዲላ ነው፤ ጭጋጉ ሲወርድ ዓይኔን ጨፍኜ ወናጎ መንገድ ላይ እቆማለሁ።

እዚያ ሳለሁ አንድ የመምህራን ኮሌጅ ለስደተኛ አንድ ቦታ እንደሚሰጥ ሰማሁ። ቃለ መጠይቅ አለው፤ ለቃለ መጠይቁ ደግሞ የስደተኝነት ወረቀት ያስፈልጋል። ወረቀት የሌለውን ፖሊስ ካገኘው ጭኖ ወደ ድንበር ይመልሰዋል፤ ድንበር ማዶ የሚጠብቀኝን ታውቃላችሁ። ስለዚህ በማለዳ ተነስቼ መመዝገቢያው ቢሮ ሄድኩና ተሰለፍኩ። ከኋላዬ አንድ ሽማግሌ መጡ። ምን አልኳቸው? ይቅደሙ። በእኛ አገር ቢሆን «አይሆንም ልጄ፣ አንተ ነህ የቀደምከው» ይሉኛል፣ እገፋቸዋለሁ፣ ይገፉኛል፣ በመጨረሻ እያንዳንዳችን በቦታችን እንቆማለን። ሽማግሌው «አሳንቴ ሳና»፣ በጣም አመሰግናለሁ፣ ብለው ቀደሙ! ክው አልኩ። ቀጥሎ ልጅ ያዘለች ሴት፤ ይቅደሙ፤ አሳንቴ ሳና። ቀጥሎ ክራንች የያዘ፣ ቀጥሎ ከእኔ በዕድሜ ትንሽ የሚበልጥ ጎረምሳ። ሁሉም አመስግነው ያልፋሉ። አንድም እምቢ የሚል የለም! ቢሮው ሲዘጋ እኔ ጠዋት ከነበርኩበት ኋላ ነኝ። «ኬሾ» አለኝ ጸሐፊው፣ ነገ ማለቱ ነው።

በማግስቱም እንዲሁ። ሳምንቱ አለፈ፣ ሌላው ገባ። እምላችኋለሁ፣ ሆነ ብዬ አይደለም። ሽማግሌ ከኋላዬ ቆሞ ሳይ አፌ ራሱ ይከፈታል። መጨረሻ ላይ ጸሐፊው መነጽሩን ዝቅ አድርጎ «አንተ ሰውዬ፣ እዚህ ሥራ ተቀጥረህ ነው? ከእኔ ቀድመህ ትመጣለህ፣ ከእኔ ኋላ ትሄዳለህ» አለኝ።

ማማ ዋንጂሩ ይህን ስነግራት መጀመሪያ ሳቀች፣ ቀጥሎ ተናደደች። «አገራችሁ ሰልፍ የለም እንዴ?»

«ሰልፍማ የእኛ ነው! ስኳር በሰልፍ፣ ሳሙና በሰልፍ፣ ሊቀመንበሩን መደገፍም በሰልፍ።»

«ታዲያ ለምን ታስቀድማለህ?»

«እምቢ ይላሉ ብዬ ነዋ።»

«ለምን እምቢ ይላሉ? ጉዳይ አላቸው እኮ! አንተስ ጉዳይ የለህም?»

ቃለ መጠይቁ ሦስት ቀን ነበር የቀረው። በማግስቱ ማማ ዋንጂሩ ካንጋ የሚሉትን ሽርጧን በወገቧ አስራ፣ የገበያ ቅርጫቷን ይዛ፣ አብራኝ መጥታ ከኋላዬ ተሰለፈች። አንድ አዛውንት ጠጋ ሲሉ አፌን ስከፍት ቅርጫቱን ጀርባዬ ላይ ደቀነችው። «ተንቀሳቀስ!» ትላለች። ሰልፉ አንድ እርምጃ ሲሄድ ትገፋኛለች፣ ስዞር ትቆነጥጠኛለች። አዛውንቱን ራሷ በስዋሂሊ አናግራ እሷ ቦታ አስገባቻቸው፤ ለካ ቦታ ሳይለቁም ሰው ማክበር ይቻላል። ከቀትር በፊት መስኮቱ ጋ ደረስኩ። ጸሐፊው ሲያየኝ ተነስቶ አጨበጨበ። ወረቀቱን ይዤ ስወጣ ማማ ዋንጂሩ ጎዳናው መሀል እልልታ አቀለጠችው፤ የእነሱም እልልታ ልክ እንደኛ ነው።

ኮሌጁ ውስጥ ሁለት ሰዎች ጠየቁኝ። አንዷ ፀጉሯ የነጣ እንግሊዛዊት ናት፤ ሁለተኛው ከረባቱን አጥብቆ ያሰረ፣ የማይስቅ፣ ሚስተር ኦቲዬኖ የሚባል ኬንያዊ መምህር። ገና ስቀመጥ «ስደተኞች ከመጽሐፍ የሸመደዱትን እንግሊዝኛ ነው የሚያወሩት፤ አንተ ከእነሱ በምን ትለያለህ?» አለኝ። ሴትየዋ ጋዜጣ ሰጠችኝና ጮክ ብለህ አንብብ አለችኝ። ከማነበው ውስጥ ቃል እየመረጠች ትጠይቃለች። የአንዳንዱን ፊት በሕይወቴ አይቼው አላውቅም፤ ግን እንደ ችግኝ ገልበጥ አድርጌ ሳየው ከታች ጉቶው አለ። ይሄ ሴዴሬ ነው፣ ይሄ ወደፊት ነው፣ ይሄ ከኋላ ተከትሎ ነው እያልኩ እፈታዋለሁ። ሴትየዋ ብዕሯን አስቀመጠች። «ላቲን የት ተማርክ?» አለች።

«ዲላ።»

«ዲላ የት ነው?»

«ለማያውቀው ሰው ሩቅ ነው» አልኳት። ልቤ ሞልቶ ነበር፤ ቲቸር ታደመ ያንን ፊቷን ባየ!

ሚስተር ኦቲዬኖ ግን ወንበሩን ጠጋ አደረገ። «ጥሩ። ሁሉም መሄድ ከሆነ ይህን ንገረኝ። ትናንት የምደግፈው ቡድን ሁለት ጎል ተቆጠረበት። በእንግሊዝኛ ቡድኑ ኮንሲድ አደረገ ይባላል፣ ተሸነፈ፣ ለቀቀ ማለት ነው። ይሄም ያንተው ጉቶ ነው። ማን ነው የሄደው? በረኛው እንኳ ከቦታው አልተነቃነቀም!»

ይህችን ቲቸር ታደመ አላስተማረንም፤ ሳይደርስባት ወደ ሌላ አውራጃ አዛወሩት። ቦታዋ አንዲት ናት፤ ኮሪደሩ ላይ የሚጠብቁት ብዙ ናቸው፤ ይህችን ካጣሁ የነስሩ ነገር በከንቱ ቀረ። ነስሩ ትዝ ሲለኝ እግሩ መጣብኝ። ደረጃው ላይ የነበረችው፣ ያወረዳት እግር።

«በእኛ አገር ኮረብታው ላይ መንገዱ ጠባብ ነው» አልኩ። «ግራ ቀኙ እንሰትና ቡና ነው። ሸክም የያዘች ሴት ከታች ስትመጣ ባዶ እጁን የሚወርደው ሰው እንሰቱ ውስጥ ገብቶ ይቆማል፤ እሷ ታልፋለች። ላያቸው ሰው የሄደችው እሷ ናት፣ እሱ ቆሟል። ግን እሱም ሄዷል። ወደ ጎን ነው የሄደው። እሱ ባይሄድ እሷ መሄጃ የላትም።»

ቀጠልኩ። «እኔ እዚህ የመጣሁበት መኪና ቦታው ለአንድ ሰው ነበር፤ የወንድሜ ቦታ ነው። ቅደም አለኝና እግሩን ከደረጃው ላይ አወረደ። የሄደው አንድ እርምጃ ነው፣ እሱም ወደኋላ። እኔ በዚያች እርምጃ ነው ናይሮቢ የደረስኩት። ለመልቀቅ መሄድ ያስፈልጋል ጌታዬ። አንዳንዴ ከሁሉ የሚከብደው መሄድ እሱ ነው።»

እንግሊዛዊቷ በመስኮት ወደ ውጭ ታይ ነበር። ሚስተር ኦቲዬኖ ከረባቱን አላላ። «እኔ የምደግፈው ቡድን ግን» አለ ቀስ ብሎ፣ «በደግነት አይደለም የለቀቀው፤ ተከላካይ ስለሌለው ነው።» ከዚያ ሳቀ። እሱ ከሳቀ በኋላ ሁላችንም ሳቅን፣ እኔ ሳቄ ውስጥ እንባ ነበረበት። እዚያው፣ ውጭ ጠብቅ እንኳ ሳይሉኝ፣ ቦታው ያንተ ነው አሉኝ።

ስወጣ ሚስተር ኦቲዬኖ በሩን ከፍቶ ያዘልኝና «ፕሊስ» አለኝ፣ እለፍ ማለቱ ነው። ዕድሜው የአባቴ እኩያ ነው። አፌ ሊከፈት አለ። ቅርጫቱ ጀርባዬ ላይ ያለ መሰለኝ። ቢስሚላህ ብዬ ቀድሜ ወጣሁ!

ኮሌጁን ጨርሼ ናይሮቢ ውስጥ ትምህርት ቤት ተቀጠርኩ። ዛሬ የኬንያ ልጆች «ምዋሊሙ ጀማል»፣ መምህር ጀማል፣ ይሉኛል፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ እንደኔ ተሰደው ለመጡት የአገሬ ልጆች እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። ሰሌዳው ላይ መጀመሪያ የምጽፈው ቃል የትኛው እንደሆነ መንገር አያስፈልገኝም። ከእነሱ መሀል ፈተና አልፈው ነርስና መካኒክ የሆኑ አሉ፤ አንዷ እንዲያውም የምትማረው ሕግ ነው። ቆንጠጥ የሚያደርግ ሲያስፈልጋቸው ወደ ማማ ዋንጂሩ እልካቸዋለሁ።

መምህር የሆንኩ ሰሞን ቤት ደወልኩ። ጋሽ ዲዶ በዚህ ቀን ቴሌ ይጠብቁ ብሎ ለአባባ ነግሮልኛል። የናይሮቢዋ ኦፕሬተር አዲስ አበባን ጠራች፣ አዲስ አበባ ዲላን፤ የዲላዋ ልጅ ከልጅነቴ ታውቀኛለች፣ ግን እንደማታውቀኝ ሆና «የአቶ ከድር ደንበኛ ከውጭ አገር ናቸው» አለች። አባባም ለጥንቃቄ «ጤና ይስጥልኝ ጌታው፣ ንግድ እንዴት ነው?» አሉኝ።

«አልሐምዱሊላህ፣ ንግዱ ሰምሯል። ትምህርት ቤት... ማለቴ ሱቅ ሰጥተውኛል፣ አርባ ልጅ... አርባ ደንበኛ አለኝ።»

ከዚያ ጥንቃቄው ሁሉ ጠፋቸው። «ጀማሌ!» አሉ። «የኔ ልጅ!» ከአጠገባቸው እናቴ ስታለቅስ ይሰማኛል። ቀጥሎ ስልኩን ሌላ ሰው ተቀበለ።

«ደርሰሃል አሉ» አለኝ ነስሩ።

ከሄድኩ በኋላ ለውትድርና ወስደውት እንደነበር ሰምቻለሁ። መመለሱን አልሰማሁም ነበር። ስልኩን ጆሮዬ ላይ አጥብቄ ያዝኩት። «አንተ! መቼ መጣህ? ደህና ነህ?»

«እግሬን ትንሽ ነክቶኛል። ምንም አይደል፣ አሁን በምርኩዝ ስሄድ ዲላ ሁሉ መንገድ ይለቅልኛል። ይቅደሙ ይሉኛል በአንቱታ! እኔም እምቢ አልልም፣ እቀድማለሁ።» ሳቀ። የድሮው ሳቁ ነው፣ አልተነካም።

«ነስሩ፣ ያን ቀን ለምን...»

«ተው» አለኝ። «እንግሊዝኛህ ሠራ?»

«ሠራ።»

«እንግዲያው ደህና መኪና ነው የመረጥኩልህ።»

ኦፕሬተሯ ሰዓት ሞላ አለች። አባባ ስልኩን መልሰው ተቀብለው መረቁኝ፤ እንግሊዝኛም ላቲንም የማይችሉትን ምርቃት። «በል አሁን ዝጋ» አሉኝ።

«እርስዎ ይቅደሙ አባባ።»

«አይሆንም፣ አንተ ነህ የደወልከው፣ ቅደም።»

«ወላሂ አልቀድምም።»

«ኧረ አንዳችሁ ዝጉት!» አለች እናቴ ከወዲያ።

ማናችንም አልዘጋንም። ናይሮቢ ላይ መቅደም ተምሬያለሁ፣ በዚያም እኮራለሁ፤ ያን ስልክ ግን ቀድሜ ልዘጋው አልቻልኩም። ትንፋሻቸው ይሰማኛል፣ ከኋላቸው የመናኸሪያው ጥሩምባና ሞያሌ፣ ሞያሌ እያለ የሚጣራ ሰው ይሰማኛል። «ሄሎ፣ ጨርሰሃል?» አለች የናይሮቢዋ ኦፕሬተር።

«አልጨረስኩም» አልኳት።